የምድር ባቡር ፎቶግራፎች፦ ከዙላ እስከ አዳማ

የምድር ባቡር በአፍሪካ ቀንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ከፎቶግራፍ ጋር ተጣምሮ ነው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት በጄኔራል ናፒየር እየተመራ የመጣው የእንግሊዝ ጦር፣ ዛሬ የኤርትራ ግዛት በሆነችው ዙላ ላይ ከመርከብ ሲወርድ፣ ከሕንድ የጫነውን ሐዲድና ባቡር ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ተራራው ግርጌ ዘረጋ። መሥመሩ ከ20 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ፣ ሐዲዱም ከልዩ ልዩ ቦታ የተለቃቀመ የጦር ሜዳ ሥራ ነበር። መቅደላ ተይዞ ጦሩ ሲመለስ ሐዲዱም ተነቀለ። ከጦሩ የመሐንዲሶች ክፍል ጋር ግን ካሜራና የጨለማ ድንኳን የያዙ ወታደሮች ዘምተው ነበር። ባቡሩ ዓመት ሳይሞላው ጠፋ፤ ፎቶግራፎቹ እስከ ዛሬ አሉ።

በዚያን ዘመን ምስል የሚነሣው እርጥብ ኬሚካል በተቀባ መስተዋት ላይ ነበር። መስተዋቱ ሳይደርቅ በጨለማው ድንኳን ውስጥ መዘጋጀት፣ መነሣትና መታጠብ ነበረበት። ለብርሃን የሚጋለጠውም በቅጽበት ሳይሆን ለሴኮንዶች ያህል ስለ ነበር፣ ያልቆመ ነገር ሁሉ ጢስ መስሎ ይቀራል። መኰንኑ ቆሞ እንዲጠብቅ ይነገረዋል፤ ሸክም ተሸክሞ የሚያልፈውን ግን ማንም አያስቆመውም። ስለዚህ በአሮጌ ምስሎች ዳር ዳር የሚታየው ደብዛዛ ጥላ ብዙውን ጊዜ የመስተዋቱ ጉድለት ሳይሆን ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነው። ይህ ለባቡር ፎቶግራፍ ታሪክ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባቡር የሚኖረው በሚንቀሳቀሱ ሰዎች ጉልበት ነውና።

ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ለሌዎን ሼፍኔ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ኩባንያው በገንዘብ እጦት ወደቀ፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ኢጣሊያም መሥመሩን የየራሳቸው የተጽዕኖ መሣሪያ ለማድረግ ይሻሙበት ስለ ነበር ሐዲዱ ዓመታት ቆመ። በሌላ ኩባንያ ስም እንደገና ተጀምሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጠቅላላ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። በዚህ ጊዜ ፎቶግራፍ ጥበቡ ተሻሽሎ፣ ደረቅ መስተዋትና ፈጣን ካሜራ ወጥቶ ነበር። ኢልግ ራሱ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር፤ ስብስቡ ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከርሱም በኋላ ልጆቹ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው ሠርተዋል። ካሜራው ከእንግዲህ ሰው ቀጥ ብሎ እንዲቆምለት አያስገድድም ነበር። የሆነ ሆኖ የባቡሩ ፎቶግራፎች ከመሰለፍ አልወጡም፦ ባቡሩ ቆሞ፣ መሐንዲሱ ፊት፣ ሹማምንቱ ጎን፣ ሠራተኛው ከኋላ። የቀድሞው ትውልድ በመስተዋቱ ምክንያት ይቆም ነበር፤ የኋለኛው በማዕረግ ምክንያት ቆመ።

ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ ሽቅብ ወደ መሀል አገር ባቀናበት በ1900ዎቹ ዓመታት በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የጣቢያ ከተሞች ተተከሉ፤ የነበሩትም ሰፉ። መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ አዳማ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ በአንድ ክር ላይ እንደ ተሰኩ ዛጎሎች ተደረደሩ። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ሳይጠጣ ሩቅ አይሄድም፤ ቁልቁለቱም ቀላል አልነበረም፤ ከአዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥቶ አዳማ ሲደርስ ወደ 1,600 ሜትር ይወርዳል፤ አዋሽ ጣቢያ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። አዳማ ስሟን ያገኘችው በኦሮምኛ «አዳሚ» ከሚባለው ቁልቋል ነው ይባላል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቀድሞ ስሟ ተመለሰላት። በአንድ አሮጌ ምስል ግርጌ ከሁለቱ ስሞች የትኛው እንደ ተጻፈ ማየት ለታሪክ ተመራማሪው ዘመን መለያ ይሆነዋል።

በዚህ ሸለቆ የተነሡ ምስሎች አንድ የሚወዱት አቀማመጥ አላቸው፤ ባቡሩ በአንድ ወገን፣ ግመሉ በሌላው። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ አሮጌው ዓለምና አዲሱ ዓለም ተገናኙ ማለት ነው። ነገሩ ግን ሐሰት አለበት። ግመልና አጋሰስ ከየአውራጃው እህልና ቡና ወደ ጣቢያ ባያመጡ ፉርጎው ባዶውን በሄደ ነበር። ግመሉ የባቡሩ ባልደረባ እንጂ ባላንጣው አልነበረም። ከግመሉ አጠገብ የቆመው ከረዩ ኦሮሞ ደግሞ የአገሩ ባለቤት ሲሆን፣ በምስሉ ላይ ለጌጥ እንደ ተጨመረ ይታያል። በኋላ ዘመን የመተሐራ ሸንኮራ እርሻና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የግጦሹን መሬት ሲወስዱበት ካሜራው ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ስለ ባቡር ፎቶግራፍ ሲነሣ የእንግሊዞቹን ልማድ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። እንግሊዝ የባቡር አገር ብቻ ሳትሆን የባቡር ፎቶግራፍ አገርም ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ልጅ አዋቂ ሳይባል ብዙ ሕዝብ በየጣቢያው ቆሞ የባቡሮችን ቁጥር በደብተር ይመዘግብ፣ ምስላቸውን ያነሣ፣ ከመሰሎቹ ጋር ይለዋወጥ ጀመር። በ1960 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በዚያች አገር ዋና መሥመር ላይ የእንፋሎት ባቡር አገልግሎት ሲያበቃ (የዙላው ባቡር ከተነቀለ ልክ 100 ዓመት መሆኑ ነው) ለስንብቱ ካሜራ ይዞ ከሐዲዱ ዳር የተሰለፈው ሕዝብ ብዙ ነበር። በ1968 ዓ.ም. በዮርክ ከተማ የባቡር ብሔራዊ ሙዚየም ተከፈተ። የነዚህ ሰዎች ብርቱ ጎን ሥርዓታቸው ነው፤ በምስሉ ጀርባ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የባቡሩን ቁጥር ይጽፋሉ። አንድን ድልድይ ዛሬ ሲያነሡ አያቶቻቸው በቆሙበት ቦታ ቆመው ነው፤ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ድክመታቸውም እዚያው ነው። ባቡሩ መቼና የት እንደ ተሠራ ያውቃሉ፤ ከሰል የሚያርሰው ሰው ማን እንደ ነበረ ግን ብዙውን ጊዜ አይጠይቁም።

በእንግሊዝ የባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ኢትዮጵያውያንም ታይተዋል። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከመሳፍንቱ ጋር ለንደን ገብተዋል። በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ወጥተው፣ ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው፣ በግንቦት 26 ቀን ለንደን ዋተርሉ ጣቢያ ወረዱ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ በቪክቶሪያ ጣቢያ ንግሥት ኤልሳቤጥ ተቀበሏቸው። የ1928ቱን ፎቶግራፍ የሚያይ ሰው አጭሩን ሰው በካባቸው ወዲያው ይለያቸዋል። በዚያች የሚያዝያ ቀን ግን ያንን ባቡር ከከተማው አውጥቶ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመተሐራ በኩል ወደ ባሕር የነዳው ሰው ማን ነበር? ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለዚያ ጉዞ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ነጂው መጠየቅ ግን ለማንም ትዝ ያለው አይመስልም።

እንግሊዞች በ1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ የወንዙን መድረሻ ፍለጋ የወረደ ተጓዥ ነበራቸው፤ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይባላል፤ ተወልዶ ያደገውም አዲስ አበባ ነው። የፎቶግራፍ ስብስቡ በኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጧል። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ጦራቸው የኢጣሊያንን ሠራዊት እያሳደደ መጣ። አፈግፋጊው ጦር የአዋሽን ድልድይ አፍርሶ ነበር፤ እስኪጠገን ድረስ መሥመሩ ተቆረጠ። ባቡሩ ለጥቂት ዓመታት በእንግሊዝ ጦር እጅ ቆይቶ በ1938 ዓ.ም. ለኩባንያው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እንፋሎቱ ለናፍጣ ቦታውን ለቀቀ።

የአዳማ ሰው ስለ ባቡር ሲጠየቅ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሌላ ነገር ያወራል። የሚያወራው ስለ ሊቶሪና ነው፤ በመስኮት በኩል ብርቱካንና ቅቅል እንቁላል ስለሚያቀብሉ ሴቶች፣ ስለ ሦስተኛው ማዕረግ አግዳሚ ወንበር፣ ከድሬዳዋ ጨርቅ ደብቀው ስለሚያመጡ ነጋዴ ሴቶችና ስለ ፈታሹ ነው። (ፈታሽና ኮንትሮባንዲስት በባቡር ላይ የተጫወቱት ድራማ ገና ጸሐፊ አላገኘም፤ ቢጻፍ ግን መድረክ አይጠበውም።) እነዚህ ሰዎች በኢልግም፣ በቴሲጀርም ስብስብ ውስጥ ተፈልገው አይገኙም። ያሉት በየቤቱ ነው። «ሸሚኖ» የሚባለው የባቡር ሠራተኛ ቆቡን አድርጎ ፎቶ ቤት ገብቶ ከተቀባ መጋረጃ ፊት የተነሣው ምስል፣ ሙሽሮች ከፉርጎ አጠገብ የቆሙበት ምስል፣ ወደ ድሬዳዋ የሚሸኝ ወንድም ምስል በሣጥን ውስጥ፣ በመጽሐፍ ቅዱስና በቁርአን ገጾች መካከል፣ በግድግዳ ላይ ባለ መስተዋት ክፈፍ ጥግ ተሰክቶ ኖሯል። ጀርባው ላይ አንዳንዴ «ለማስታወሻ» የሚል ቃል አለ። ለማን፣ ከማን፣ መቼ የሚለውን የሚያውቁት እናት ወይም አያት ናቸው፤ እነርሱ ሲያልፉ ምስሉ የማንም ይሆናል። የመሥመሩ አገልግሎት በዚህ አካባቢ ከቆመ አሥራ አምስት ዓመት አልፏልና የሚያውቁት እየጥቂቱ ነው።

አሮጌና አዲስ ምስል ጎን ለጎን ማኖር ምን ያህል እንደሚጠቅም መተሐራ ጥሩ ማስረጃ ናት። የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ዓመታት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚሸፍን ትንሽ ውሃ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። በቀድሞው ዘመን ባቡሩ በደረቅ ጥቁር ድንጋይ መካከል ያልፍ ነበር፤ በኋለኛው ዘመን ምስሎች ግን ግራና ቀኙ ውሃ በሆነ ከፍ ያለ የአፈር ግድብ ላይ ይሄዳል፤ ከሩቅ ሲያዩት በሐይቁ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ለጂኦግራፊ መምህር እነዚህ ሁለት ምስሎች ከብዙ ገለጻ የበለጠ ያስረዳሉ። ለሠዓሊም ቢሆን እንዲህ ያለ ቦታ በየቀኑ አይገኝም።

በጥር 1977 ዓ.ም. ፈጣኑ የመንገደኞች ባቡር አዋሽ አጠገብ በሚገኝ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ቀርቶ ሠረገላዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው እንደ ሞተ ይነገራል፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይኸው ነው። አገሪቱ በረሃብ ላይ የነበረችበት ዘመን ስለሆነ የዓለም ካሜራ ሁሉ ወደ ሰሜን ዞሮ ነበር፤ የአዋሽ ሙታን በሁለት ሐዘን መካከል ተረሱ። ቁጥራቸው እንኳ ከጽሑፍ ጽሑፍ ይለያያል። የሟቾቹን ፊት የያዙ ፎቶግራፎች ግን በአዳማም፣ በድሬዳዋም፣ በአዲስ አበባም ቤቶች ውስጥ አሉ፤ በሐዘን ቀን ወጥተው፣ ጥቁር ጨርቅ ተደርጎባቸው፣ እንደገና ወደ ሣጥን የተመለሱ ናቸው። እነዚህ ምስሎች ከስማቸው ጋር በአንድ ላይ የተሰበሰቡበት ቀን ቢኖር ቁጥሩም መስተካከል ይጀምር ነበር። ይህን ለማድረግ ትልቅ በጀት አያሻም። አንድ መምህር፣ ጥቂት ተማሪዎች፣ ለስላሳ እርሳስ (እስክሪብቶ ሲጫኑት በፊት በኩል ጠባሳ ያወጣል፣ ቀለሙም ይሰርጋል) እና ቡና አፍልተው የሚያወሩ አሮጊቶች ይበቃሉ።

አሮጌው መሥመር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን አቆመ። ሐዲዱ በየቦታው ተነቅሏል፤ በድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ የቆሙ አሮጌ ባቡሮች ግን አሁንም ጎብኚ ይቀበላሉ። በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱም በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። የቀድሞው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ የአሁኑ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። አዲሱ የአዳማ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ፣ የታጠረ ሕንፃ ነው። ብርቱካን በመስኮት አይገባም። ፎቶግራፍ አንሺውም ዛሬ ተሳፋሪው ራሱ ሆኗል፤ ስልኩን አውጥቶ ባቡሩን፣ ጓደኛውን፣ ራሱን ያነሣል፤ በአንድ ጉዞ የሚያነሣው ምናልባት አንድ ሸሚኖ በዕድሜው ከተነሣው ይበልጣል። ስልኩ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አንዳንዴም ቦታውን ሳይታዘዝ ይመዘግባል። ከጎኑ የተቀመጠችውን፣ ለአፍታ ዞር ስትል ምስሉ ውስጥ የገባችውን ሴት ስም ግን አይመዘግብም፤ የሚጻፍበት ጀርባም የለውም።