ሱሲታ፣ ሱባሩ፣ ቶዮታ፦ «የማይበላሸው መኪና» ታሪክ

በሰፈራችን አንድ ልጅ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ክርክሩ ወዲያው ይጀመራል። አባቶች «ከቶዮታ ሌላ መኪና አለ እንዴ?» ይላሉ፤ ልጆች የኮሪያውን፣ አሁን ደግሞ የቻይናውን ያነሳሉ። እኔ ክርክሩን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሰው፤ ምክንያቱም እዚሁ ቲራት ካርሜል መኪና ይሠራ ነበር!

አውቶካርስ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሃይፋ ተቋቋመ፤ ፋብሪካው እኛው ከተማ ነበር። ሳብራ የተባለችውን የስፖርት መኪናውን በ1961 ኒውዮርክ ድረስ ወስዶ አሳይቷል። ሕዝቡ የሚያስታውሰው ግን ሱሲታን ነው፤ ስሙ ባዝራ ማለት ነው። ብረት የሚቀርጹ ማሽኖች ውድ ስለሆኑ አካሉ የተሠራው ከፋይበርግላስ ነበር። «ሱሲታን ግመል በላው» የሚለው ቀልድም የመጣው ከዚህ ነው። በበኩሌ ቀልዱ ግፍ አለበት እላለሁ። እንደ እኛ ባሕር አጠገብ ለሚኖር ሰው የማይዝግ አካል ቀላል ነገር አይደለም። ሞተሩም መጀመሪያ የእንግሊዙ ፎርድ ስለነበር ፎርድ የሚያውቅ መካኒክ ሁሉ ይፈታዋል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ብረት ቢጎብጥ ተቀጥቅጦ ይቃናል፤ ፋይበርግላስ ግን ይሰነጠቃል፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ኩባንያው በ1970ዎቹ ከሰረ፣ ባለቤቶቹ ተቀያየሩ፣ በ1980 አካባቢም ምርቱ ቆመ። ከዚያ በኋላ በሩ የተሰበረበት ሰው በር ከየት ያምጣ?

ቦታውን የያዘው ሱባሩ ነው። የአረብ ሊግ ከእስራኤል ጋር የሚነግዱ ኩባንያዎችን ስለሚያግድ፣ ትልልቆቹ የጃፓን ኩባንያዎች ገበያቸውን ፈርተው አልመጡም። ሱባሩ ትንሽ ስለነበር ብዙ የሚያጣው አልነበረም፤ መጣ፣ መንገዱንም ሞላው። መንገዱን ሲሞላ ሙሳኹ ሁሉ ለመደው፣ መለዋወጫውም በየቦታው ተገኘ። በዘመቻ ሙሴ፣ በ1984 እና 1985፣ የመጡት ወላጆቻችን እዚህ ያገኙት ሱባሩ ነው። ቶዮታ የገባው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ተቃራኒ ነው። አዲስ አበባ ፊያት ሰይቼንቶንም፣ ላዳንም አይታለች፤ ቶዮታ ግን ሁሉንም አልፎ ቀረ። ኮሮላ ዲኤክስ ከባለቤቱ ልጅ በዕድሜ ይበልጣል፣ አሁንም ይሄዳል። ጥሩ መኪና ስለሆነ ነው፣ አዎ። ግን መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ አዲስም ሆነ አሮጌ ዕቃውን የማያገኝ የለም፤ የማይፈታው መካኒክም የለም። ያው መኪና ዕቃው በትእዛዝ ብቻ በሚመጣበት አገር ቢሆን ኖሮ ይህን ስም ማግኘቱን እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ ያገለገለ መኪና የምትገዙ ወጣቶች፣ «የቱ ማርካ ይሻላል?» ከማለታችሁ በፊት ለምታምኑት ሙሳኽ ደውሉ። የዚያን ሞዴል የፊት መብራት፣ ክላች ወይም አውቶማቲክ ማርሽ፣ የሞተር ቀበቶ ዋጋ ጠይቁ፤ ዕቃው በስንት ቀን እንደሚመጣም። ከዚያ ማኾን ብዲቃ ውሰዱት። አባት አብሮ ከሄደ ደግሞ አስተርጉሙለት። የእኛ የጋራዥ ቋንቋ ከጣሊያን፣ የዚህ አገሩ በብዛት ከእንግሊዝ የመጣ ነውና አባት ፍሪሲዮን ሲል መካኒኩ ክላች ይላል፤ ካንዴላ ፕላግ ነው፣ ጎሚስታ ፓንቸርያ፣ ባትላሜራ ደግሞ ፓኻኹት።