የአሎትመንት ዕቃ ቤቶችና የፕላን ፈቃድ ክርክር በእንግሊዝ

የአሎትመንት ዕቃ ቤት ክርክር የሚባለው፣ በእንግሊዝ አገር አትክልት ለማልማት በኪራይ በሚሰጥ ቁራሽ መሬት ላይ የሚቆም የመሣሪያ ማስቀመጫ ቤት የፕላን ፈቃድ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም በሚለው ጥያቄ ላይ የሚነሳ አለመግባባት ነው። ተከራካሪዎቹ ተከራዮች፣ የመሬቱ ባለቤቶች፣ የአካባቢ ምክር ቤቶችና አጎራባች ነዋሪዎች ናቸው። አሎትመንት ከመኖሪያ ቤት ተለይቶ የሚገኝ መሬት ሲሆን ተከራዩ ዓመታዊ ኪራይ እየከፈለ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ባቄላና ጎመን ያለማበታል። የተለመደው የቁራሹ ስፋት 10 ፖል፣ ማለትም 250 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ዕቃ ቤቱም ብዙውን ጊዜ 1.8 በ2.4 ሜትር የሆነ የጣውላ ቤት ሲሆን አካፋ፣ መኮትኮቻ፣ ዘርና ማዳበሪያ ይያዝበታል፤ ዝናብ ሲመጣም መጠለያ ይሆናል። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ በርሜል ውስጥ ተጠራቅሞ ለበጋ ይውላል፤ የውሃ ቧንቧ በሌለበት ቦታ ይህ በርሜል ለሰብሉ ትልቅ ዋስትና ነው። የሰው ቤትና ሥራ ከመሬቱ ርቆ ባለበት ሁኔታ አካፋና ዶማ በየቀኑ ተሸክሞ መመላለስ አይቻልም። ስለዚህ ዕቃ ቤቱ ከእርሻው ተለይቶ የሚታይ ቅንጦት አይደለም።

የሕጉ መነሻ

ምክር ቤቶች ለሕዝቡ አሎትመንት እንዲያቀርቡ ያስገደደው የመጀመሪያው ጠቅላላ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1887 የወጣው የአሎትመንት ሕግ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬም መሠረት ሆኖ የሚያገለግለው የ1908ቱ የአነስተኛ እርሻዎችና የአሎትመንት ሕግ ሲሆን፣ በአካባቢው ፍላጎት ካለ ምክር ቤቱ በቂ ቁጥር ያለው ቦታ እንዲያዘጋጅ ግዴታ ይጥልበታል። በውስጠኛው ለንደን ያሉ ወረዳዎች ግን ከ1963ቱ የለንደን አስተዳደር ሕግ ወዲህ ይህ ግዴታ የለባቸውም። የ1922ቱ ሕግ የአሎትመንት አትክልት ቦታን ከ40 ፖል የማይበልጥና በዋናነት ለተከራዩና ለቤተሰቡ ምግብ የሚለማ መሬት ሲል ይተረጉመዋል። የ1925ቱ ደግሞ ለዚሁ ዓላማ የተገዛ ወይም የተመደበ የምክር ቤት መሬት ያለ ሚኒስትሩ ስምምነት እንዳይሸጥ አግዷል።

ሕግ አውጪው ዕቃ ቤቱን ከመጀመሪያው አንስቶ ያውቀው ነበር። የ1908ቱ ሕግ ተከራዩ ውሉ ከማብቃቱ በፊት የሠራውን ወይም በገንዘቡ ያገኘውን የመሣሪያ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ የመስታወት ቤት፣ የዶሮ ቤት ወይም የአሳማ ጋጣ፣ ካሳ የማይጠይቅበት እስከሆነ ድረስ፣ ነቅሎ መውሰድ እንደሚችል በስም እየጠራ ይዘረዝራል። የ1950ው ሕግ ከዚህ አልፎ፣ የኪራይ ውሉ ቢከለክል እንኳ ተከራዩ ለንግድ ሳይሆን ለራሱ ሴት ዶሮና ጥንቸል እንዲያረባ፣ ለዚህም በምክንያታዊነት የሚያስፈልገውን ቤት እንዲያቆም ፈቅዷል፤ ጤናን እንዳይጎዳና ጎረቤትን እንዳያውክ ግን ግዴታ አለበት። እነዚህ ድንጋጌዎች በተከራይና በአከራይ መካከል ያለውን ግንኙነት የሚገዙ ናቸው። የፕላን ሕግ ራሱን የቻለ ሌላ መንገድ ነው፤ ብዙው ግጭትም የሚጀምረው ሁለቱን አንድ አድርጎ ከማየት ነው።

በፕላን ሕግ ውስጥ ያለው ክፍተት

ዛሬ የምናውቀው የእንግሊዝ የፕላን ሥርዓት የቆመው በ1947ቱ የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ሲሆን አሁን የሚሠራበት የ1990ው ነው። ይህ ሕግ ፈቃድ የሚጠይቀው ልማት ብሎ ለሚጠራው ነገር ነው፤ ልማት ማለት የግንባታ ሥራ ወይም የመሬት አጠቃቀም መሠረታዊ ለውጥ ነው። መሬትን ለግብርና መጠቀም ከልማት ውጭ ተደርጓል። አትክልትና ፍራፍሬ ማልማት ደግሞ በሕጉ ትርጓሜ ግብርና ነው። አሎትመንትም በዚሁ ውስጥ እንደሚካተት ከፍተኛው ፍርድ ቤት በክሮውቦሮ ፓሪሽ ምክር ቤት ጉዳይ ወስኗል፤ ውሳኔው በ1981 በሕግ መጽሔት ታትሞ ወጥቷል።

ተከራዮች ይህን ውሳኔ ሲሰሙ ጉዳዩ የተዘጋ ይመስላቸዋል። አልተዘጋም። ሕጉ ነፃ ያደረገው የመሬቱን አጠቃቀምና በመሬቱ ላይ ያለን ሕንፃ ለግብርና መጠቀምን ብቻ ነው። አዲስ ሕንፃ ማቆም ግን የግንባታ ሥራ ስለሆነ፣ መሬቱ ግብርና ላይ ቢውልም ባይውልም፣ በመርህ ደረጃ ፈቃድ ይሻል።

በዚህ ጊዜ ሰው የሚፈልገው ማመልከቻ ሳያስፈልግ በጥቅል የተሰጠ ፈቃድ ነው። በ2015 የወጣው የእንግሊዝ ጥቅል የልማት ፈቃድ ድንጋጌ ብዙ ዓይነት ትናንሽ ግንባታዎችን በዚህ መንገድ ይፈቅዳል። የመኖሪያ ቤት ባለቤት በግቢው ውስጥ ባለ ሁለት ተዳፋት ጣሪያ ከሆነ እስከ 4 ሜትር፣ ከአጥር በ2 ሜትር ርቀት ውስጥ ከሆነ ደግሞ እስከ 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ዕቃ ቤት ማንንም ሳያስፈቅድ ማቆም ይችላል። ከግቢው እስከ ግማሽ የሚሆነው በእንዲህ ዓይነት ቤቶች ቢሸፈን እንኳ ሕጉ ይታገሣል። አሎትመንት ግን የመኖሪያ ቤት ግቢ አይደለም። ለገበሬዎች የተሰጠው ጥቅል ፈቃድም አይደርስለትም፤ እሱ የሚመለከተው ለንግድ የሚታረስና ቢያንስ 0.4 ሄክታር የሆነ የእርሻ ይዞታን ነው። በዚህ የተነሳ ምግቡን ለማብቀል ቁራሽ መሬት የተከራየ ሰው ለዶማ ማስቀመጫው፣ ሰፊ ግቢ ያለው ጎረቤቱ ለመዝናኛ ቤቱ ያገኘውን ነፃነት ያጣል። ይህ አድልዎ ታስቦበት የተደረገ አይመስልም፤ ሁለት ድንጋጌዎች ሲጻፉ በመካከላቸው የተረሳ ቦታ ነው። ቢሆንም ጉዳቱ በእውነተኛ ሰዎች ላይ ይደርሳል፤ ሊስተካከልም ይገባዋል።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ይኸው የ2015 ድንጋጌ የአካባቢ ባለሥልጣናት፣ ዝቅተኛዎቹን የፓሪሽ ምክር ቤቶች ጨምሮ፣ በራሳቸው መሬት ላይ ለሥራቸው የሚያስፈልግ አነስተኛ ረዳት ሕንፃ እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ ከፍታው ከ4 ሜትር፣ ይዘቱም ከ200 ኪዩቢክ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠበቃል። ምክር ቤቱ ራሱ ዕቃ ቤቶችን አሠርቶ ከመሬቱ ጋር ቢያከራይ ጉዳዩ ያልቃል። ተከራይ በራሱ ገንዘብና ጉልበት የሚያቆመው ቤት በባለሥልጣኑ የተሠራ ሊባል ይችላል ወይ የሚለው ግን አከራካሪ ነው። የግል ባለይዞታ መሬት የተከራዩ ደግሞ ይህ መንገድ ጭራሽ ተዘግቶባቸዋል።

ዕቃ ቤቱ ሕንፃ የሚሆነው መቼ ነው?

ከዚህ ክፍተት ማምለጥ የሚፈልግ ተከራይ የሚያነሳው የመጀመሪያ መከራከሪያ ቤቱ ሕንፃ አይደለም የሚል ነው። መመዘኛው የመጣው ከፕላን ጋር ግንኙነት ከሌለው ጉዳይ ነው። በ1949 የካርዲፍ ግብር ሰብሳቢ ባለሥልጣን ከአንድ የብረታ ብረት ድርጅት ጋር በፋብሪካ ምድጃዎች ላይ ሲከራከር ዳኛ ጄንኪንስ ሦስት ነገሮች እንዲታዩ አሉ፤ መጠኑ፣ ቋሚነቱና ከመሬቱ ጋር ያለው ቁርኝት። ፍርድ ቤቶች እነዚህን መመዘኛዎች ወደ ፕላን ሕግ አምጥተው ዛሬም ይጠቀሙባቸዋል።

አንድ የምክር ቤት መርማሪ ወደ አሎትመንት ሲመጣ የሚያየው ይህንኑ ነው። ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሜትር ይለካል። ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ሥር ይመለከታል፤ ጣውላው የተቀመጠው በአራት የኮንክሪት ንጣፎች ላይ ነው ወይስ ሲሚንቶ ፈሶበታል? በብሎን ታስሯል? ተሠርቶ ያለቀ ቤት መጥቶ ተቀመጠ ወይስ እዚያው ጣውላ በጣውላ ተገጣጠመ? ለስንት ጊዜ ቆሟል? በንጣፍ ላይ የተቀመጠ፣ ሁለት ሰው አንስቶ የሚወስደው ሣጥን መሰል ማስቀመጫ ሕንፃ አይባልም። እዚያው ተገጣጥሞ ለዓመታት የቆመ ቤት ግን መሠረት ስላልተቆፈረለት ብቻ አያመልጥም።

ለዚህ አባባል ማስረጃው የአንድ ድንኳን ጉዳይ ነው። በሃሮው የሚገኝ አንድ ሆቴል በመስኩ ላይ 40 በ17 ሜትር የሆነ ትልቅ ድንኳን በየዓመቱ ለስምንት ወር እየተከለ ያነሳው ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2000 ስኬሪትስ በሚባለው ጉዳይ፣ በየዓመቱ ቢነሳም በመጠኑና በቆይታው ሕንፃ ነው ያለውን የፕላን ኢንስፔክተር ውሳኔ አጸና። በ2012 ደግሞ በዉሊ ሸለቆ በሚንቀሳቀሱ ትላልቅ የዶሮ ቤቶች ላይ በተነሳ ክስ፣ ይንቀሳቀሳሉና ልማት አይደሉም ብሎ የደመደመው ምክር ቤት የሕጉን ትርጉም አጥብቦ በማየቱ ተሳስቷል ተባለ። ስለዚህ ዕቃ ቤቱ ይንቀሳቀሳል የሚለው መከራከሪያ ብቻውን ሲቀርብ ደካማ ነው። የ1908ቱ ሕግ ተከራዩ ነቅሎ ሊወስደው ይችላል ማለቱም ጉዳዩን በፕላን ሕግ ፊት አይቋጨውም። ከመጠኑ ትንሽነት ጋር ተደምሮ ሲቀርብ ግን ክብደት አለው።

ሁለት ፈቃድ፣ ሁለት ምክር ቤት

በተግባር ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአሎትመንቱ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን የሆነው የፓሪሽ ወይም የከተማ ምክር ቤት ሲሆን፣ የፕላን ባለሥልጣኑ ግን ከበላዩ ያለው የወረዳ ምክር ቤት ነው። ተከራዩ ለፓሪሹ ጸሐፊ ደብዳቤ ጽፎ ዕቃ ቤቱን እንዲያቆም በጽሑፍ ይፈቀድለታል፤ ደስ ብሎት ይሠራል። ከወራት በኋላ ከወረዳው የፕላን ክፍል ደብዳቤ ይደርሰዋል። የመጀመሪያው ፈቃድ የአከራይ ስምምነት ነበር፤ ሁለተኛውን አይተካውም። በተቃራኒው የፕላን ፈቃድ ያገኘ ሰው የኪራይ ውሉ ከሚፈቅደው መጠን አሳልፎ ቢሠራ ውሉን በመጣሱ ቦታውን ሊነጠቅ ይችላል። ውሎቹ ከቦታ ቦታ ይለያያሉ፤ አንዳንዱ የቤቱን ወርድና ከፍታ ይወስናል፣ አንዳንዱ አስቤስቶስ ያለበትን ቆርቆሮ ይከለክላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከመሣሪያ ሣጥን በቀር ምንም አይፈቅድም። ለንደንም ሆነ ሌላ የእንግሊዝ ከተማ ለሚኖርና ቦታ ለተከራየ የአማርኛ አንባቢ ቁም ነገሩ ይህ ነው፤ ለሁለቱም አካላት በየፊናቸው መጻፍና መልሳቸውን በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል።

አዲስ የአሎትመንት ቦታ ሲከፈት የሚሰጠው የፕላን ፈቃድ ራሱ ስለ ዕቃ ቤት ቅድመ ሁኔታ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ የመጠን ክርክር ዋጋ ያጣል። ቦታው አረንጓዴ ቀበቶ በሚባለው፣ በከተሞች ዙሪያ ግንባታ በሚገደብበት መሬት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። በ2018 የተሻሻለው ብሔራዊ የፕላን ፖሊሲ ማዕቀፍ ለአሎትመንት የሚያስፈልጉ ተገቢ አገልግሎቶች የመሬቱን ገላጣነት እስከጠበቁ ድረስ እንደሚፈቀዱ በስም ጠቅሶ አስገብቷል፤ ይህ ለአትክልተኞች ትልቅ ድል ነበር።

ውበትና ሥርዓት

ከአጥሩ ማዶ ያለው ነዋሪ የሚያቀርበው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ስለ መልክ ነው። ከአሮጌ በር፣ ከመስኮት ፍሬምና ከዕቃ መጫኛ ፓሌት የተገጣጠሙ ቤቶች ለአንዱ ጉስቁልና፣ ለሌላው ጥበብ ናቸው። በፕሮፌሰር ሃሪ ቶርፕ የተመራው መንግሥታዊ ኮሚቴ በ1969 ባቀረበው ዘገባ አሎትመንቶች መልካቸው እንዲስተካከልና የመዝናኛ አትክልት ቦታዎች እንዲሆኑ መከረ። ዴቪድ ክራውችና ኮሊን ዋርድ በ1988 ባወጡት መጽሐፍ ደግሞ ይህን በሕዝብ እጅ የተሠራ ገጽታ በክብር ተመለከቱት። ጊዜ የሁለተኞቹን ዕይታ ደግፏል ማለት ይቻላል፤ በኖቲንግሃም ያሉት የሴንት አንስ አሎትመንቶች ዛሬ በታሪካዊ አትክልት ቦታዎች መዝገብ በሁለተኛ ደረጃ ባለ ኮከብ (Grade II*) ተመዝግበዋል፤ በዎሪክ ሂል ክሎዝ ያሉ የቪክቶሪያ ዘመን የአትክልት ቤቶችም በቅርስነት ይጠበቃሉ።

ጀርመን ጉዳዩን በአንድ ቁጥር ዘግታዋለች። በ1983 የወጣው የፌዴራል የትናንሽ አትክልት ቦታዎች ሕግ በቁራሹ ላይ ቀላል አሠራር ያለው፣ በረንዳውን ጨምሮ ከ24 ካሬ ሜትር የማይበልጥና ለዘወትር መኖሪያ የማይሆን ቤት ይፈቅዳል። እንግሊዝም ለአሎትመንት የራሱ የሆነ፣ ከዚህ እጅግ ያነሰ ቁጥር ያለው ጥቅል ፈቃድ ብትጽፍ አብዛኛው ክርክር አይወለድም ነበር።

ማስፈጸሚያና ይግባኝ

ያለ ፈቃድ መገንባት በራሱ ወንጀል አይደለም። የፕላን ባለሥልጣኑ እርምጃ መውሰድ ይጠቅማል ብሎ ካመነ ብቻ ጥሰቱ እንዲስተካከል የሚያዝ የማስፈጸሚያ ማስታወቂያ ይሰጣል፤ ለትንሽ ዕቃ ቤት ብዙ ጊዜ አይሰጥም። ከተሰጠ ተከራዩ ማስታወቂያው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ለፕላን ኢንስፔክተሮች ይግባኝ ሊል ይችላል፤ ይግባኙ እስኪወሰን ማስታወቂያው ይታገዳል። ቤቱ ልማት አይደለም፣ ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል፣ ወይም ይርጋው አልፏል ብሎ መከራከር ይችላል። የግንባታ ይርጋ ለረጅም ጊዜ አራት ዓመት የነበረ ሲሆን ከኤፕሪል 25 ቀን 2024 ጀምሮ አሥር ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ ቀን በፊት በአመዛኙ ተሠርቶ ላለቀ ቤት ግን የአራት ዓመቱ ይሠራል። ስለዚህ ቀን ያለባቸው ፎቶግራፎችና የጣውላ ግዢ ደረሰኞች በእንዲህ ዓይነት ይግባኝ ዋጋቸው ከፍተኛ ነው።

ማስታወቂያው ጸንቶ ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ማስታወቂያው አይሰረዝም፤ ከመሬቱ ጋር ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቁራሽ የተረከበ አዲስ ተከራይ በዚያው ቦታ ያንኑ የመሰለ ቤት ቢያቆም የቀድሞውን ትእዛዝ በመጣስ ሊጠየቅ ይችላል። የማስፈጸሚያ ማስታወቂያዎች መዝገብ በየፕላን ባለሥልጣኑ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ጣውላ ከመግዛት በፊት ማየት ይቻላል።