ዘርና ባለዘር፤ ስለ አገራችን የእህል ዘሮች አሰባሰብና አጠባበቅ አጭር የታሪክ ጥናት

በአገራችን «ገብስ የእህል ንጉሥ» ይባላል። ይህን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል፤ ነገር ግን ንጉሡ ስንት ዓይነት ዘር እንዳለው፣ ዘሩንም ጠብቆ ለዛሬ ያደረሰው ማን እንደ ሆነ የጠየቅን ጥቂቶች ነን። እኛም ብንሆን የጥያቄውን ክብደት የተረዳነው ዘግይተን ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ስለ እርሻ የተማርነው ሁሉ በአንድ ሐሳብ የሚጠቃለል ነበር፤ ይኸውም የአገራችን ገበሬ በአባቶቹ ልማድ ታስሮ የሚኖር ሰው ነው፣ ሳይንስ ግን ከውጭ አገር መጥቶ ነጻ ያወጣዋል የሚል ነው። ይህንኑ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈን ጥሩ ማርክ አግኝተንበታል። ለዚህ ጽሑፍ ስንዘጋጅ የተመለከትነው ታሪክ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አለመሆኑን አስረዳን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኢትዮጵያ እህል ዘሮች ባለፉት መቶ ዓመታት ውስጥ እንዴት እንደ ተሰበሰቡ፣ ለዓለም ምን እንደ ጠቀሙ፣ በአገራቸውስ ላይ ምን እንደ ደረሰባቸው በአጭሩ መግለጥ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

የቫቪሎፍ ጕዞ

ስለ አገራችን እህል በሳይንስ መንገድ ከጻፉት ሰዎች መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎፍ ነው። ቫቪሎፍ በ1926 ባሳተመው ጥናት ሰው የሚያለማቸው ዕፀዋት የተገኙባቸው የተወሰኑ የምድር ክፍሎች አሉ ሲል አስረዳ፤ ከነዚህም አንዱ የኢትዮጵያ ደጋ ነው አለ። ይህን የጻፈው አገሩን ሳያይ፣ ከየቦታው የደረሰውን ዘር ብቻ መርምሮ ነበር። በ1927 ግን ራሱ መጣ። በዚያ ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሩት። እሱም በበቅሎ ጓዙን ጭኖ ከአዲስ አበባ በአንኮበር በኩል ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ ጎንደርንና አክሱምን አይቶ በኤርትራ በኩል ወጣ። ከጕዞው ወደ 6000 የሚጠጋ የዘር ናሙና ይዞ ተመለሰ።

ቫቪሎፍን ያስደነቀው የእህሉ ብዛት ሳይሆን የዓይነቱ ብዛት ነው። በሌላ አገር በአንድ አውራጃ የማይገኘው ልዩነት እዚህ በአንድ ማሳ ላይ ተደባልቆ ይታይ ነበር፤ ነጩና ጥቁሩ፣ ባለ ሁለት ረድፉና ባለ ስድስት ረድፉ ገብስ ጎን ለጎን ቆመው አገኛቸው።

የሰውዬው መጨረሻ አሳዛኝ ነው። ሊሴንኮ የተባለው ሰው በስታሊን መንግሥት ዘንድ ተሰሚነት ባገኘ ጊዜ ስለ ዘር ውርስ የሚያጠኑ ሊቃውንት እንደ ጠላት ተቈጠሩ። ቫቪሎፍ በ1940 ታሰረ፤ በ1943ም በሳራቶፍ ወህኒ ቤት ሞተ። በዚያው ዘመን የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከቦ ሳለ የእሱ የሥራ ባልደረቦች በስንዴና በሩዝ ናሙና መካከል ተቀምጠው ዘሩን ሳይበሉ በረኀብ ሞቱ። ለዘር ሲሉ መራብ ግን ለእኛ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም።

ልዩነቱ ከምን መጣ?

ኋላ የተደረገው የምድር ቍፋሮ ጥናት የቫቪሎፍን ሐሳብ በከፊል አርሞታል። ገብስና ስንዴ መጀመሪያ የለሙት ከ10000 ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ እንደ ሆነ ዛሬ ይታመናል፤ ወደ እኛ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ጤፍ፣ ኑግና እንሰት ግን የዚሁ አገር ተወላጆች ናቸው።

እንግዲህ ገብስና ስንዴ በእንግድነት የመጡ ከሆነ ያ ሁሉ ዓይነት ከየት ተገኘ? መልሱ ከሁለት ነገር የተውጣጣ ነው። አንደኛው የመሬቱ አቀማመጥ ነው፤ የአንድ ቀን መንገድ ከቈላ ወደ ውርጭ ያወጣል፣ አፈሩም፣ ዝናቡም፣ በሽታውም በየጋራው ይለያያል። ሁለተኛውና ዋናው የሰው እጅ ነው። ገበሬው ለበልግና ለመኸር፣ ለዋልካና ለቦዳ፣ ለጠላና ለቆሎ የሚሆነውን ለየብቻ መርጦ ስም አወጣለት። ሰምረታ፣ ፈረስ ጋማ፣ ሰነፍ ቆሎ፣ ጥቁር ገብስ የሚባሉት ስሞች የዚህ ምርጫ መዝገብ ናቸው። በትግራይና በኤርትራ ደግሞ ሓንፈጽ የሚባል ስንዴና ገብስ አደባልቆ የመዝራት ልማድ አለ። ዝናብ ሲያጥር ገብሱ ይደርሳል፤ ዝናብ ሲጠግብ ስንዴው ይበረክታል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ባዶ እጁን አይቀርም። እኛ ልማድ ብለን የናቅነው ነገር አደጋን አስልቶ የማከፋፈል ዘዴ ነበር።

ዓለም ከእኛ ዘር ያገኘው ጥቅም

በክሽክሽ አማካይነት ከተክል ወደ ተክል የሚተላለፍ፣ ገብሱን አቢጭቶ የሚያቀጭጭ አንድ የቫይረስ በሽታ አለ። በካሊፎርኒያ ይህ በሽታ ገበሬውን ባስቸገረ ጊዜ ሊቃውንት መድኃኒቱን በዘር ውስጥ ፈለጉ። ራስመሰንና ሻለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1959 ባወጡት ጥናት በሽታውን የሚቋቋመውን ጂን፣ ማለት ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፈውን ቅንጣት፣ ለይተው አስታወቁ፤ የተገኘውም ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። እንዲሁም በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች ከአገራችን በወሰዱት ገብስ ውስጥ በቅጠል ላይ እንደ ዱቄት የሚነሰነሰውን ሻጋታ የሚከላከል ጂን ተገኘ። ይህ ጂን የገባበት አቴም የሚባል የገብስ ዝርያ በ1979 ለአውሮፓ ገበሬ ቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ የወጡ ብዙ የአውሮፓ ገብሶች ይህንኑ ጂን ይዘዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን የማሽላ ታሪክ ነው። ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለው፣ ከምግብ ብቻ የሚያገኘው ላይሲን የሚባል የፕሮቲን ክፍል አለ፤ ማሽላ ደግሞ በዚህ ደኻ ነው። በአሜሪካ አገር የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ከ9000 የሚበልጡ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው በ1973 ውጤቱን ሲያስታውቁ በላይሲን የበለጸጉ ሆነው የተገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው። የወሎ ገበሬ ግን እንዲህ ያለውን ማሽላ ከጥንት ጀምሮ ለይቶ ያውቀዋል፤ «ወተት በጉንጬ» እና «ማርጩቄ» እያለ ይጠራዋል። ምርቱ አነስተኛ ስለ ሆነ ማሳውን ሁሉ አይሸፍንበትም፤ በጥቂቱ ዘርቶ እሸቱን ጠብሶ ይበላዋል። ላቦራቶሪው 9000 ናሙና መርምሮ የደረሰበትን እውነት ገበሬው በስም አስቀምጦት ነበር ማለት ነው።

አዲሱ ዘርና ዋግ

አሁን ወደ አገር ውስጥ እንመለስ። በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአርሲ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ማዳበሪያና የተሻሻለ የዳቦ ስንዴ ዘር ለገበሬው ይታደል ጀመር፤ ምርቱም ጨመረ። ይህን ጥቅም መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ የሕዝባችን ቍጥር ከመቶ ሚሊዮን ባለፈበት ዘመን ያለ ተሻሻለ ዘር ይህን ሁሉ አፍ ለመመገብ አይቻልም። ይሁን እንጂ ብዙ ዓይነት የነበረው የአገር ስንዴ ከሰፊ ማሳዎች እየለቀቀ ሄደ፤ በምትኩ አንድ ዓይነት ዘር ሰፊውን አገር ሸፈነ።

የስንዴ ዋግ በነፋስ የሚጓዝ፣ ባሕርዩን ቶሎ ቶሎ የሚለዋውጥ ሻጋታ ነው። አንድ ዓይነት ዘር አገሩን ሁሉ ሲሸፍን ዋጉ አንድ ጊዜ መግቢያውን ካገኘ የሚያግደው የለም። ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። እንኮይ የሚባለው ስንዴ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በግንድ ዋግ ተመታ። ከዚያ በኋላ ኩብሳ የሚባለው ዘር ተስፋፋ፤ እሱንም በ2010 ቢጫ ዋግ አጠፋው። ቢጫውን ዋግ ይችላል ተብሎ ዲገሉ የሚባለው ዘር በምትኩ ተሰጠ፤ በ2013 እና በ2014 ግን አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ በባሌና በአርሲ የዲገሉን ማሳ አወደመው። እያንዳንዱ ዘር ሲወጣ በጊዜው ጥሩ ነበር፤ ጉድለቱ አንዱን ዘር ብቻ ማመን ነው።

ስለ እርሻና ስለ ተፈጥሮ ጉዳት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበን የአፈር መሸርሸር ነው። አፈር ሲሸረሸር ቦዩ በዓይን ይታያል፣ ወንዙም ደፍርሶ ይመሰክራል። ዘር ሲጠፋ ግን ምልክት አይተውም፤ ማሳው እንደ ድሮው ለምልሞ ይታያል፣ ምናልባትም ከድሮው የበለጠ። የጎደለው የሚታወቀው አዲስ በሽታ መጥቶ «ይህን የሚችል ዘር የት አለ?» ተብሎ የተጠየቀ ቀን ነው።

የዘር ባንክና የገበሬው ጎተራ

ይህን አደጋ አስቀድሞ በመገንዘብ በ1976 በአዲስ አበባ የዕፀዋት ዘር ማእከል ተቋቋመ፤ ዛሬ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው የዚሁ ተተኪ ነው። ማእከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘርን በቀዝቃዛ ክፍል ከማስቀመጥ አልፈው ገበሬው በማሳው ላይ እንዲጠብቀው ማድረግ ያስፈልጋል ብለው ተከራከሩ። በ1984ቱ ድርቅ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ የዘር እህሉን ሊበላ ተገድዶ ነበር፤ እርዳታ ሆኖ የሚመጣው እህል ሆድን ያስታግሣል እንጂ የጠፋውን የቀዬውን ዘር አይመልስም። ስለዚህ የአገሩን ዘር እየሰበሰቡ፣ እያበዙና ለገበሬው እየመለሱ ሠሩ፤ በ1989ም ለዚህ ሥራቸው ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጣቸው። በምሥራቅ ሸዋ በኤጀሬ ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የዘር ባንክ የዚህ ሐሳብ ፍሬ ነው።

ሁለቱም መንገድ ያስፈልጋል እንላለን። በቀዝቃዛ ክፍል ያለው ዘር ከመጥፋት ይድናል፤ ነገር ግን እንደ ተኛ ሰው ነው፣ በውጭ ያለው በሽታና የአየር ጠባይ ሲለወጥ እሱ አይለወጥም። በማሳ ላይ ያለው ዘር ግን በየዓመቱ እየተፈተነ ከዘመኑ ጋር ይራመዳል።

በቅርብ ጊዜ የተደረገ አንድ ጥናትም ይህን ያጠናክራል። የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ተመራማሪዎች በዘር ባንክ ከተቀመጠው የአገር ስንዴ የሚበዛውን ያካተቱ 400 ዓይነቶች በትግራይ በሐገረ ሰላም፣ በወሎም በገረገራ ዘርተው 60 ወንድና ሴት ገበሬዎች እንዲመርጡ አደረጉ፤ የገበሬዎቹን ፍርድ በሚዛንና በሜትር ከተለካው ውጤትና ከጂኑ ምርመራ ጋር አመሳከሩት። የገበሬው ዓይን የሚያየው ነገር በጂኑ ውስጥ መሠረት ያለው ሆኖ ተገኘ፤ ከአገር ዘሮቹም አንዳንዶቹ በዚያ አስቸጋሪ መሬት ላይ ከተሻሻሉት በልጠው ታዩ። ጥናቱ በ2017 ታተመ።

መደምደሚያ

ባለፈው ዕረፍት ወደ ቤተ ሰባችን በሄድን ጊዜ ይህን ጽሑፍ እያሰብን እናታችንን ስለ ገብስ ጠየቅናቸው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ስለ ገብስ ሲጠይቅ ሰምተው በመጀመሪያ ሳቁብን። ከዚያም ይኸኛው ለቆሎ፣ ያኛው ለበሶ፣ ይኸ ለጠላ እያሉ በጣታቸው ቈጠሩልን። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው «የሱስ ዘሩ ከጠፋ ቆየ፤ ስሙ ብቻ ነው የቀረው» አሉን። መቼ እንደ ጠፋ ስንጠይቃቸው በውል አላስታወሱትም። በምን በሽታ የማይበገር፣ ምን ዓይነት ጂን የያዘ እንደ ነበረ ግን ከእንግዲህ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ ለትምህርት ጓደኞቻችን አንድ ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። ከእኛ የሚበዙት የገበሬ ልጆች ነን፤ በየዕረፍቱም ወደ ቀያችን እንመለሳለን። የእርሻ ተማሪ መሆን ሳያስፈልግ ማንም ሰው ደብተር ይዞ የዘሩን ስም፣ የሚዘራበትን መሬትና ወራት፣ የሚውልበትን ምግብ ከሽማግሌዎችና በተለይም ዘር በመምረጥ ከሚታወቁት ሴቶች ጠይቆ መጻፍ ይችላል። መምህራኖቻችንም ይህን እንደ ጥናት ሥራ ቈጥረው ቢመሩን እንደሚጠቅም እናምናለን። ቫቪሎፍ ከሩቅ አገር መጥቶ በበቅሎ ተጉዞ የሰበሰበውን እኛ በቤታችን ተቀምጠን ብናጣው፣ ጥፋቱ የገበሬው አይደለም፤ የተማርነው የእኛ ነው።