የመምህራን ቀን በሊባኖስ ትምህርት ቤቶች

በሊባኖስ የመምህራን ቀን በየዓመቱ ማርች 9 ይከበራል። ዕለቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 30 ላይ የሚውል ሲሆን፣ የዐድዋ ድል በዓል በታሰበ በሳምንቱ መሆኑ ለማስታወስ ያመቻል። በዓረብኛ «ዒድ አልሙዓሊም» ይባላል። በልጆች ቦርሳ ወደ ቤት በሚላከው ማስታወቂያ ላይ ግን ቀኑ «9 አዛር» ተብሎ ሊጻፍ ስለሚችል፣ የወሩን ስም የማያውቅ ሰው በዓሉ ሳይታወቀው ሊያልፍበት ይችላል። «አዛር» በሊባኖስና በሶርያ ማርች የሚጠራበት ጥንታዊ ስም ነው።

በዕለቱ ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ ስለሚዘጉ፣ የክፍል ውስጡ ዝግጅት ቀደም ብሎ ይደረጋል። ሕፃናት መዝሙር ያጠናሉ፤ በቀለም ያጌጠ ካርድ ይሠራሉ፤ አበባና ኬክ የሚያመጡም አሉ። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ለዚህ የሚቀርበው በዓመቱ መጨረሻ የሚዘጋጀው የወላጆች በዓል ነው። ልዩነቱ በዚያ የሚሸለመው ጎበዝ ተማሪ፣ በዚህ የሚመሰገነው መምህር መሆኑ ነው።

በዶራና በአጎራባቹ ቡርጅ ሐሙድ ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የሚልኩባቸው ትምህርት ቤቶች የመንግሥት፣ የግል ወይም የቤተ ክርስቲያን ናቸው። የመምህሩ አጠራርም እንደ ትምህርት ቤቱ ይለያያል። ፈረንሳይኛ በሚያይልበት «ማዳም» እና «ሙስዩ»፣ እንግሊዝኛ በሚያይልበት «ሚስ» ይባላል፤ ወንድ መምህር በዓረብኛ «ኡስታዝ» ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት «የኔታ» ማለትን ለለመደ ጆሮ «ሚስ» ቀለል ያለ መጠሪያ ይመስል ይሆናል። በሊባኖስ ተማሪ አፍ ግን የአክብሮት ቃል ነው።

የአርመናውያን ትምህርት ቤቶች ሌላም በዓል አላቸው። በኦክቶበር ወር የአርመን ቤተ ክርስቲያን «ቅዱሳን ተርጓሚዎች» የምትላቸውን ትዘክራለች። ከእነርሱም ዋነኛው በ405 ገደማ የአርመንን ፊደል የቀረጸው ሜስሮፕ ማሽቶትስ ነው። ፊደል ቀራጭ፣ ተርጓሚና መምህር በአንድ ቀን የሚታሰቡበት ይህ በዓል፣ የራሱ ፊደል ላለው ኢትዮጵያዊ ባዕድ ሊሆን አይችልም። በ1924 ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ የመጡትን 40 የአርመን ወጣት ሙዚቀኞች የመራው ኬቮርክ ናልባንዲያንም፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ የሙዚቃ መምህር እንደነበረ በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይገባል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የመምህራን ቀን ኦክቶበር 5 ነው። በ1966 ስለ መምህራን መብትና ግዴታ የወጣውን የውሳኔ ሐሳብ ለማሰብ ከ1994 ጀምሮ ይከበራል። ህንድ ደግሞ ከ1962 ወዲህ ሴፕቴምበር 5ን፣ መምህርም ፕሬዚዳንትም የነበሩትን የሳርቬፓሊ ራድሃክሪሽናንን የልደት ቀን ታከብራለች። በዚያ ዕለት በብዙ ትምህርት ቤቶች የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች በመምህራን ቦታ ተተክተው ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንና ከዚያም በኋላ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ህንዳውያን መምህራን ብዙ ስለነበሩ፣ ሒሳብና ፊዚክስን ከእነርሱ የተማረ ወላጅ ወይም አያት ያለው አንባቢ ጥቂት አይደለም።

በሊባኖስ የበዓሉ ትርጉም ባለፉት ዓመታት ከብዷል። ለረጅም ጊዜ በ1 ዶላር 1,507 ተኩል ሊራ የነበረው ምንዛሪ ከ2019 ቀውስ በኋላ ወድቆ፣ በማርች 2023 በጥቁር ገበያ 100,000 ሊራ ደረሰ። በሊራ የሚከፈለው የመምህር ደመወዝም አብሮ ቀለጠ። በ2023 መጀመሪያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መምህራን ሥራ በማቆማቸው ክፍሎች ለሳምንታት ተዘግተዋል። ስለዚህ በዕለቱ የሚሰጠው ምስጋና፣ ትራንስፖርቱ ደመወዙን እየበላበት ወደ ክፍል ለተመለሰ ሰው የሚሰጥ ነው።

የአሠሪዎቿን ልጆች ለትምህርት ቤት የምታሰናዳ ሠራተኛ፣ ማስታወቂያው ሲደርስ ካርዱና አበባው ለየትኛው ቀን እንደሚፈለግ ማዳምን አስቀድማ መጠየቋ የጠዋትን ግርግር ያስቀራል። የራሷን ልጅ የምታስተምር እናት ደግሞ ውድ ስጦታ አይጠበቅባትም። ልጁ በዓረብኛ፣ እናቱ በአማርኛ የጻፉበት ካርድ ይበቃል፤ እንዲያውም መምህሯ የልጁን የቤት ቋንቋ የምታውቅበት መንገድ ይሆናል። ዓረብኛዋ ውስን የሆነ እናት ለሴት መምህር «ኪል ዒድ ዊንቲ ብኸይር»፣ ለወንድ «ኪል ዒድ ዊንታ ብኸይር» ብትል የእንኳን አደረሰዎ ቃል ነው። «ያዕጢኪ ልዓፍየ» የሚለውም በሥራ ላይ ላለች ሴት «ብርታቱን ይስጥዎ» እንደ ማለት ነው። ከዚያ አስከትሎ ስለ ልጁ ንባብና ጠባይ መጠየቅ ይቻላል፤ ዓመቱን ሙሉ በሥራ ምክንያት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ላልታየች እናት ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝም።

በዓሉ ካለፈ ከ12 ቀን በኋላ፣ ማርች 21፣ በሊባኖስ የእናቶች ቀን ይከበራል። በዚያን ሰሞን በየክፍሉ ካርድ የሚያሠሩት መምህራኑ ናቸው።