የኮምፒውተር መቆጣጠሪያዎች ስለ አንድ ፕሮሰሰር ለምን የተለያየ ቁጥር ያሳያሉ?

ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፤ የማቀዝቀዣው ማራገቢያም ድምፁን ከፍ አድርጓል። ባለቤቱ ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት የመቆጣጠሪያ ፕሮግራሞችን ጎን ለጎን ይከፍታል። አንደኛው ፕሮሰሰሩ 35 በመቶ ብቻ በሥራ እንደተያዘ ይገልጻል። ሌላኛው በዚያው ሰዓት 60 በመቶ ያሳያል። ሦስተኛው ደግሞ አንድ ፕሮግራም ብቻውን 250 በመቶ እየተጠቀመ ነው ይላል።

ከሦስቱ እውነተኛው የትኛው ነው?

በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርተው አዲስ ኮምፒውተር የሚገዙ ሰዎች አሉ። ድርጅቶች ተጨማሪ ሰርቨር ይከራያሉ፤ ባለሙያዎችም ለችግሩ ተጠያቂ ነው ያሉትን ፕሮግራም ያስወግዳሉ። ቁጥሩን በተሳሳተ መንገድ ማንበብ ገንዘብና ጊዜ ያስከፍላል። ብዙውን ጊዜ ግን ሦስቱም መሣሪያዎች ትክክል ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የሚመልሱት ጥያቄ ነው የሚለያየው።

መቶኛው ከየት ይመጣል?

የፕሮሰሰር አንድ ኮር በአንድ ቅጽበት ወይ ይሠራል ወይ ሥራ ፈትቶ ይቆያል። በአንዲት ቅጽበት ውስጥ «35 በመቶ መሥራት» የሚባል ነገር የለም። መቶኛው የሚገኘው በስሌት ነው፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ምን ያህሉን በሥራ እንዳሳለፈ ይቆጠራል።

ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ፕሮሰሰሩ በሥራና ያለ ሥራ ያሳለፈውን ጊዜ እየደመረ ይመዘግባል። የመቆጣጠሪያው ፕሮግራም መዝገቡን አንድ ጊዜ ያነብባል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ እንደገና ያነብብና ልዩነቱን ያሰላል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 400 ሚሊ ሰከንድ ሥራ ከተመዘገበ ውጤቱ 40 በመቶ ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የልዩነት ምንጭ በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ጊዜ ነው። ለግማሽ ሰከንድ በሙሉ ኃይሉ ሠርቶ ለሦስት ሰከንድ ተኩል የሚያርፍ ፕሮግራምን እንውሰድ። በየግማሽ ሰከንዱ የሚለካ መሣሪያ አንዴ 100 አንዴ ዜሮ ሊያሳይ ይችላል። በየአራት ሰከንዱ የሚለካው ግን 12.5 በመቶ ብቻ ያሳያል። የዊንዶውሱ ታስክ ማናጀር በመደበኛ አቀማመጡ በየሰከንዱ ሲታደስ፣ በሊኑክስ የተለመደው «ቶፕ» ደግሞ በአብዛኛው በየሦስት ሰከንዱ ይታደሳል።

በሊኑክስ «ፒኤስ» የተባለው ትዕዛዝ ደግሞ ፕሮግራሙ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን አማካይ ይሰጣል። ለአሥር ቀናት በጸጥታ ቆይቶ ባለፈው አንድ ሰዓት ብቻ አንድን ኮር ሙሉ በሙሉ የያዘ ፕሮግራም በዚህ ስሌት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። በ«ቶፕ» ግን 100 በመቶ ሆኖ ይታያል።

መቶው የማን መቶ ነው?

የዛሬ ፕሮሰሰሮች በርካታ ኮሮች አሏቸው። አራት ኮር ባለው ኮምፒውተር ላይ አንዱን ኮር ሙሉ በሙሉ የሚጠቀም ፕሮግራም በታስክ ማናጀር 25 በመቶ ሊባል ይችላል፤ መቶው የአራቱ ኮሮች ድምር ነውና። በማክ አክቲቪቲ ሞኒተርና በሊኑክሱ «ቶፕ» ግን 100 በመቶ ይባላል፤ በእነዚህ ዘንድ መቶ የአንድ ኮር አቅም ነው። ከላይ የተጠቀሰው 250 በመቶም ሁለት ኮር ተኩል ማለት ነው።

ሃይፐር ትሬዲንግ የሚባለው ቴክኖሎጂ ሌላ ግርታ ይጨምራል። አንዱ ኮር ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሁለት ሆኖ ስለሚታይ አራቱ ኮሮች ስምንት ይመስላሉ። መሣሪያው 50 በመቶ ሲያሳይ አራቱም እውነተኛ ኮሮች ተይዘው ሊሆን ይችላል። «ገና ግማሹ ይቀራል» ብሎ ሥራውን እጥፍ የሚያደርግ ሰው የጠበቀውን ፍጥነት አያገኝም።

ጊዜ ወይስ ሥራ?

ፕሮሰሰሮች ፍጥነታቸውን ይለዋውጣሉ። ኃይል ለመቆጠብ ዝግ ይላሉ፤ ሥራ ሲበዛ ደግሞ ከመነሻ ፍጥነታቸው በላይ ይሮጣሉ። የመነሻ ፍጥነቱ 2 ጊጋኸርዝ የሆነ ፕሮሰሰር በ3.4 ጊጋኸርዝ እየሮጠ 35 በመቶውን ጊዜ ቢሠራ፣ በጊዜ ሲለካ 35 በመቶ ነው። የተሠራው ሥራ በመነሻው ፍጥነት ሲመዘን ግን ወደ 60 በመቶ ይጠጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስኮቶች ያልተስማሙት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ዊንዶውስ 8 በአውሮፓውያኑ 2012 ሲወጣ፣ ታስክ ማናጀር በዋና ገጾቹ ላይ ፍጥነትን ከግምት የሚያስገባውን መለኪያ መጠቀም ጀመረ። «ዝርዝሮች» የተባለው ገጹ ግን በጊዜ መለካቱን ቀጠለ። በዚህም ሳቢያ የአንድ ፕሮግራም ሁለት ገጾች ሳይስማሙ ዓመታት አለፉ። ማይክሮሶፍት በ2025 በዊንዶውስ 11 ላይ ገጾቹ ሁሉ በጊዜ ላይ የተመሠረተውን የተለመደ መለኪያ እንዲጠቀሙ ማድረግ ጀመረ። የቀድሞው መለኪያ ለፈለገ ሰው በተጨማሪ ዓምድነት ቀርቷል።

ያልተቆጠረ ሥራ

ሌላው ምክንያት የአቆጣጠሩ ዘዴ ነው። በየተወሰነ ጊዜው ብቅ እያለ ሱቁን የሚያይ ተቆጣጣሪን እናስብ። ባለሱቁ ሲሠራ ካገኘው በሁለቱ ጉብኝቶች መካከል ያለውን ጊዜ ሁሉ «ሠርቷል» ብሎ ይጽፋል፤ ካላገኘው «አልሠራም» ይላል። የቆዩ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞችም የፕሮሰሰርን ጊዜ የሚያከፋፍሉት በዚህ መንገድ ነበር። ዊንዶውስ በተለምዶ በሰከንድ 64 ጊዜ፣ ሊኑክስ ደግሞ እንደ አዘጋጃጀቱ ከ100 እስከ 1,000 ጊዜ ይመለከታል።

ከጉብኝቱ በፊት ሥራውን ጨርሶ የሚተኛ ፕሮግራም ሳይቆጠር ያመልጣል። ዳን ትሳፍሪር፣ ዮአቭ ኤትሲዮን እና ድሮር ፋይተልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ አንድ ተራ ፕሮግራም በዚህ ክፍተት ተጠቅሞ የፕሮሰሰሩን አብዛኛውን ጊዜ በስውር ሊወስድ እንደሚችል አሳይተዋል። አዳዲስ ሥርዓቶች ፕሮግራሞች በተቀያየሩ ቁጥር ትክክለኛውን ጊዜ መመዝገብ ስለሚችሉ ክፍተቱ ጠብቧል። ይሁን እንጂ ሁሉም መሣሪያዎች የሚያነቡት ይህንኑ መዝገብ አይደለም።

መጠበቅ ሥራ ነው?

ፕሮሰሰሩ ከዲስክ የሚመጣ መረጃ የሚጠባበቅበትን ጊዜ ሊኑክስ ለብቻው ይመዘግባል። አንዳንድ መሣሪያዎች ይህን ጊዜ ከሥራ ፈትነት ጋር ይደምሩታል፤ ሌሎች ለይተው ያሳያሉ። ከሜሞሪ መረጃ የሚጠበቅበት ጊዜ ግን በሁሉም ዘንድ እንደ ሥራ ይቆጠራል። የኮምፒውተር ብቃት ባለሙያው ብሬንዳን ግሬግ በ2017 በጻፈው ጽሑፍ፣ 90 በመቶ ተይዟል የሚባል ፕሮሰሰር ብዙውን ጊዜውን ሜሞሪን በመጠበቅ ሊያሳልፍ እንደሚችል አስገንዝቧል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፈጣን ፕሮሰሰር መግዛት ችግሩን ላይፈታ ይችላል።

በኪራይ ሰርቨር ላይ ደግሞ አንዱ ማሽን ለብዙ ደንበኞች ይከፋፈላል። ደንበኛው ተራውን ሲጠብቅ ጎረቤቱ የሚጠቀምበት ጊዜ «የተሰረቀ ጊዜ» ተብሎ ይመዘገባል። ይህን ረድፍ የማያሳይ መሣሪያ የዝግመቱን መንስኤ ይሰውራል።

ቁጥሩን እንዴት ማንበብ ይበጃል?

ሁለት መሣሪያዎችን ከማወዳደር በፊት የሚታደሱበትን የጊዜ ርቀት እኩል ማድረግ ያስፈልጋል። ቀጥሎ መቶ በመቶው የአንድ ኮር ይሁን የሁሉም መለየት ይገባል። በ«ቶፕ» ላይ ትልቁን የእንግሊዝኛ ፊደል «አይ» መጫን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው ያሻግራል። ፕሮሰሰሩ በዚያ ሰዓት በስንት ጊጋኸርዝ እየሮጠ እንደሆነ ማየትም ይጠቅማል።

መሣሪያው ራሱ ሥራ መሆኑም አይዘነጋም፤ ብዙ መቆጣጠሪያዎችን በአንድነት መክፈት የሚለካውን ቁጥር ራሱን ከፍ ያደርጋል። በተቃራኒው፣ በድብቅ ክሪፕቶከረንሲ የሚያመርቱ አንዳንድ ጎጂ ፕሮግራሞች ታስክ ማናጀር ሲከፈት ሥራቸውን ያቆማሉ። መስኮቱ ሲከፈት ማራገቢያው ጸጥ የሚል፣ ሲዘጋ የሚጮህ ከሆነ ኮምፒውተሩን በጸረ ቫይረስ ማስፈተሽ ተገቢ ነው።

ከአንድ ቅጽበት ንባብ ይልቅ አንዱን መሣሪያ መርጦ ለቀናት መከታተል የተሻለ ፍርድ ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ደህና በሚሠራበት ጊዜ የተመዘገበው ቁጥር ሲንቀራፈፍ ከሚታየው ጋር ሲነጻጸር፣ ልዩነቱ ከመሣሪያው ሳይሆን ከኮምፒውተሩ የመጣ መሆኑን ማወቅ ይቻላል።