ሁለቱ ስሞች፤ በጦርነት ስለ ወደቁ ወታደሮች ግጥምና መታሰቢያ

ንጉሥ ዳዊት፥ ሳኦልና ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ እንደ ወደቁ መርዶ በደረሰው ጊዜ ልብሱን ቀደደ፤ እስከ ማታም ድረስ ጾመ፥ አለቀሰም። ከዚህ በኋላ የልቅሶ ቅኔ ተቀኘላቸው፤ የይሁዳም ልጆች እንዲማሩት አዘዘ። ይህ ነገር በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በመጀመሪያው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። ሳኦል ዳዊትን ለመግደል ሲያሳድደው የኖረ ሰው ሲሆን፥ ዳዊት ግን በቅኔው የሳኦልን በደል አላነሣም። እንግዲህ በጦር ለወደቀ ሰው መቀኘት ከጥንት የመጣ ሥርዓት ነው፤ ፍሬውም ኀዘንን መግለጥ ብቻ ሳይሆን ተከታዩን ትውልድ ማስተማር ነው።

በኢትዮጵያም ቢሆን በአማርኛ ተጽፈው ከተገኙት ግጥሞች እጅግ የቈዩት የጦርነት መዝሙሮች ናቸው። እነዚህም ከ1306 እስከ 1336 ዓ.ም. ለነገሡት ለዐፄ ዓምደ ጽዮን፥ ከእርሳቸውም በኋላ ለዐፄ ይስሐቅ፥ ለዐፄ ዘርአ ያዕቆብና ለዐፄ ገላውዴዎስ የተዘመሩ ናቸው። ኢጣልያዊው ሊቅ ኢግናስዮ ጉይዲ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1889 ዓመት አሳትሟቸዋል። ነገር ግን መዝሙሮቹ ለነገሥታት ክብር የተደረሱ ስለ ሆኑ፥ ሥራቸው የንጉሡን ድል ማወደስ ነው። ጋሻ ተሸክሞ በእግሩ የሄደው ወታደር ስሙ የተጠበቀለት በሌላ ስፍራ ነው።

ወታደር ከዘመቻ በፊት በጌታው ፊት ቆሞ ሲፎክር አባቱንና አያቱን ይጠራል፤ የሠራውን ይቈጥራል፤ ሊሠራ ያለውንም ይምላል። ስለዚህ ፉከራ የመጠጥ ቤት ጫወታ አይደለም፤ በብዙ ምስክር ፊት የተሰጠ ቃል ኪዳን ነው። ቃሉን ሰጥቶ የሸሸ ሰው በግጥም ይሰደባል፤ ቃሉን ጠብቆ የወደቀ እንደ ሆነ ግን ነገሩን ከአፉ ተቀብላ የምትፈጽምለት አልቃሽ ናት።

ሬሳው በሩቅ አገር ቀርቶ መርዶ ብቻ በመጣ ጊዜ፥ ዘመድ ወዳጁ ተሰብስቦ ለቅሶ ይቀመጣል። ፈረሱ ተጭኖ ያለ ጌታው ይወጣል፤ ጋሻው፥ ጦሩ፥ ጠመንጃውና ልብሱ በለቅሶተኛው መካከል ይዞራል፤ የታላቅ ሰው እንደ ሆነም ምስል ይሠራለታል። በዚያ ጊዜ ሙሾ አውጪዋ ፈረሱን ትጠይቃለች፥ ጋሻውን ትወቅሳለች፤ ሟቹ የት እንደ ወደቀ፥ ከማን ጋራ እንደ ነበረ፥ ማንን ትቶ እንደ ሄደ ትናገራለች። መቃብር ለሌለው ሰው ሙሾው መቃብር ሆነለት ማለት ይቻላል።

ካህናት ፊት መንጨትንና ደረት መድቃትን ሲገሥጹ ኖረዋል፤ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳናዝን ለተሰሎንቄ ሰዎች ጽፏልና። ተግሣጹ እውነት ነው። ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን የሙታንን መታሰቢያ አልከለከለችም፤ ሥርዓት ሰጠችው እንጂ። ፍትሐት ይፈታል፤ በሣልስት፥ በሰባት፥ በአርባ፥ በሰማንያ፥ በመንፈቅና በሙት ዓመት ጸሎት ይደረጋል፤ ተዝካር ይወጣል፤ ድኃ ይበላል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። የጥንቱ ወታደር ከመጠሪያ ስሙ ሌላ ሁለት ስሞች ነበሩት። ስም ያወጣ ፈረሰኛ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ እንደ ተባሉ። ፈረስ የሌለው እግረኛም በአባቱና በአገሩ ስም ይፎክራል። ግጥም የሚያውቀው ይህንን ስም ነው። ሁለተኛው ግን በአርባ ቀን በጥምቀት የተቀበለው የክርስትና ስም ነው፤ ካህኑ በፍትሐት ጊዜ ነፍሱን የሚያስበው በዚህ ነው። ይህንንም ስም የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ወላጆቹ፥ የክርስትና አባቱና የነፍስ አባቱ ብቻ ናቸው። አልቃሿ የክርስትና ስሙን ላታውቅ ትችላለች፤ ካህኑም ሙሾውን አይጽፍም። ስለዚህ የአንዱ ሰው መታሰቢያ በሁለት ተከፍሎ ይኖራል፤ ጀግንነቱ በግጥም፥ ነፍሱ በጸሎት። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው የሞተ ዕለት መታሰቢያው ይጐድላል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል፥ የሰማዕቱ ታቦት ከሠራዊቱ ጋራ ሳለ በዓድዋ ድል ተገኘ። በዚያ ቀን ከወደቁት መኳንንት ፊታውራሪ ገበየሁና ፊታውራሪ ዳምጠው ስማቸው በታሪክ ተጽፏል። የፊታውራሪ ዳምጠው ልጅ ራስ ደስታም በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. በዚያው በኢጣልያ ጠላት እጅ ተገደሉ፤ አባትና ልጅ በአርባ አንድ ዓመት ልዩነት ለአንድ አገር ሞቱ። የእነዚህ ታሪክ በመጽሐፍ ስለ ገባ አይጠፋም። ከእነርሱ ጋራ በዓድዋ ሜዳ የቀሩት በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ግን ከቤተ ዘመዳቸው ሙሾና ከደብራቸው ጸሎት በቀር መዝገብ አልነበራቸውም።

ከማይጨው ጦርነት በኋላ፥ ይኸውም ከመጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወዲህ፥ ይህ ሁለት ዓይነት መዝገብ ራሱ ተወጋ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ተገደሉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዕልቂት በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ፤ በግንቦትም ወር የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተጨፈጨፉ። ጠላት መሣሪያ ያልያዘውን አዝማሪ ስለምን ፈራ? ግጥም የሞተውን ሰው ስም ይዞ ከመንደር ወደ መንደር እንደሚሄድ፥ የሰማውንም ሁሉ እንደሚያስነሣ ስላወቀ ነው። አዝማሪው ሲሞት የጀግንነቱ ስም፥ የነፍስ አባት ሲሞት የክርስትናው ስም ከሰው ጋራ ይቀበራል።

የቅኔ ሰዎች በዚያ ዘመን ዝም አላሉም። በደብረ ኤልያስ ተወልደው በቅኔ ትምህርት ያደጉት ዮፍታሔ ንጉሤ በሱዳን ስደት ሳሉ የአገራቸውን ኀዘን በግጥምና በቴአትር ደርሰዋል፤ «አፋጀሽኝ» የተባለው ቴአትር የእርሳቸው ነው። እርሳቸው ስለ ጻፉ ሥራቸው ቀረ። በቤተ ክርስቲያን ግን የቅኔ ልማድ ሌላ ነው፤ ባለቅኔው ለዕለቱ አዲስ ቅኔ ይቀኛል፤ ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። ይህም ለአእምሮ ታላቅ ትምህርት ነው። ነገር ግን በአርበኞች ፍትሐትና ተዝካር ከተባለው መወድስና ዕጣነ ሞገር ተጽፎ ያልተያዘው ሁሉ፥ ሰሙም ወርቁም ከሰሚዎቹ ጋራ አለፈ።

ወደ ዳዊት ታሪክ እንመለስ። በዚያው መጽሐፍ በሃያ ሦስተኛው ምዕራፍ የዳዊት ኀያላን በየስማቸው ተቈጥረዋል። ከሁሉ በኋላ የተጻፈው ኬጢያዊው ኦርዮ ነው፤ ንጉሡ ሚስቱን ወስዶ፥ በጽኑ ውጊያ ፊት አቁሞ ያስገደለው ወታደር። ለኦርዮ ዳዊት ቅኔ አልተቀኘለትም፤ ሞቱንም እንደ ተራ የጦርነት ነገር አሳለፈው። መጽሐፉ ግን ስሙን ከኀያላን ጋራ ጻፈው፤ ወንጌላዊው ማቴዎስም የጌታን ትውልድ ሲቈጥር ሳያነሣው አላለፈም። ግጥም የረሳውን ጽሕፈት አስታወሰው። የንጉሥ ዝምታ እንኳ የተጻፈውን ስም ሊያጠፋው አልቻለም።

ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ታዘዘው ሰው ሁሉ ወደ ርስቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። በጦር ሜዳ የወደቀ ሰው ርስቱ ስሙ ነው። ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር ከበዓሉ ድግስ አስቀድሞ አንድ መዝገብ ቢከፍት ለሙታኑ ርስታቸውን መለሰላቸው። በመዝገቡም የወደቀው ሰው መጠሪያ ስም፥ የፈረስ ስሙ፥ የክርስትና ስሙ፥ የአባቱ ስም፥ የወደቀበት ስፍራና ዘመን በአንድ መስመር ይጻፍ። ከሽማግሎችና ከባልቴቶች ቃል የተረፈው ፉከራና ሙሾ ከሥሩ ይስፈር፤ የካህናቱም ቅኔ ሳይረሳ ይከተል። መዝገቡ በዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ በየዓመቱም በየካቲት 23 ቀን ወጥቶ ስሞቹ በጸሎት ይታሰቡ። ያን ጊዜ ግጥሙና ጸሎቱ፥ ሁለቱም ስሞች፥ በአንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ።

ስማቸው የታወቀውንም ያልታወቀውንም፥ በሜዳና በገደል የቀሩትን ሁሉ ነፍሳቸውን ከአብርሃም ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋራ ያሳርፍልን። አሜን።