ሼሪ፤ የአንድ ወይን ጠጅና የስሙ ታሪክ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አባቶቻችን። ታክሲ የሚነዳ ስደተኛ ግን ስሙ በቁሙ ሲለወጥ ይሰማል። አንዱ ተሳፋሪ መሐሉን ይውጠዋል፣ ሌላው መጨረሻውን ይቆርጠዋል፤ እኔም «ይሁን፣ ምን ቸገረኝ» እያልኩ ብዙ ዓመት ዝም አልኩ። ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል ያስተማረኝ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ባልተወኝ የታሪክ ንባብ ያገኘሁት የአንድ ወይን ጠጅ ታሪክ ነው።

በደቡብ እስፓኝ ኸሬስ ዴ ላ ፍሮንቴራ የምትባል ከተማ አለች። ከ711 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገሩን የያዙት ዐረቦች «ሸሪሽ» ይሏት ነበር። በ1264 ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ ወሰዳት፤ ከግራናዳ እስላማዊ መንግሥት ጋር ድንበር ላይ ስለነበረች «ፍሮንቴራ»፣ ማለትም ድንበር፣ የሚለው ተጨመረላት። በዚያ ዘመን እስፓኛውያንም ስሟን በ«ሸ» ይጠሩ ነበር፤ በኋላ የቋንቋቸው ድምፅ ተለውጦ «ኸ» ሆነ። እንግሊዞች የድሮውን ይዘው «ሸሪስ» አሉ፤ የመጨረሻዋ «ስ» የብዙ ቁጥር ምልክት መስላቸው ጣሏትና «ሼሪ» ቀረ።

አሠራሩም የሚደነቅ ነው። ከነጭ ኖራማ አፈር ከሚበቅል ወይን ይጠመቅና ከወይን የተጣራ አልኮል ይጨመርበታል። በርሜሎቹ በረድፍ ይደረደራሉ። ለሽያጭ የሚቀዳው አሮጌው ካለበት ከታችኛው ረድፍ ነው፤ የጎደለው ከላይኛው ይሞላል። አሮጌው ስለማያልቅ፣ እንደ እርሾ፣ ጣዕሙን ለአዲሱ ያወርሳል።

ስሙ ሲገን በሌላ አገር የተጠመቀውም «ሼሪ» እየተባለ ይሸጥ ጀመር። የኸሬስ ነጋዴዎች በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ተከራከሩ። በ1967 ዳኛው «ሼሪ» የሚለው ስም ብቻውን ሲጻፍ የኸሬስ ነው አለ፤ ነገር ግን እያወቁ ለብዙ ዘመን ዝም ስላሉ፣ «የብሪታንያ ሼሪ» ብለው የሚሸጡትን አሁን መከልከል አይችሉም ሲል ፈረደ። ስሙ በአውሮፓ ገበያ ለኸሬስ አካባቢ ብቻ የተከበረው በ1996 ነው። የዝምታው ዋጋ ከፍርዱ በኋላ እንኳ 29 ዓመት ሆነ ማለት ነው።

እኛም ይህ አይቀርብንም። ኢትዮጵያ የይርጋ ጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ቡና ስም በአሜሪካ ለማስመዝገብ ያመለከተችው በ2005 ነበር።

እነሆ ማኅበራችን አሥር ዓመት ሞላው፤ ልጆቻችንም ስማቸውን ለመምህር አፍ እንዲመች እያሳጠሩ ነው። እኔ ግን ዛሬ ተሳፋሪ ስሜን ሲያበላሽ በትሕትና አርመዋለሁ። አብዛኛው ሁለቴ ሞክሮ ይለዋል።